ሊቀ ቀለማትና ነጩ ቡችላ

በየሰፈሩ ያልጠየቁትን የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡት ቀለም ቀቢ ናቸው። አርባ ዓመት ግድግዳ ቀብተው ሲያበቁ የውሻ ጸጉር ወደ ማንበብ ዞሩ። ሰፈሩም "ክቡር ሊቀ ቀለማት" አላቸው።

በደጃቸው የሚያልፍ ውሻ ዘሩ ሳይቆጠር አያልፍም። "ይቺ ጥቁር ብትመስልም ቡናማ ደብቃለች፤ አያቷን ጠይቁ" ይላሉ። የውሻዋ ጌታ የገዛ አያቱን እንኳ በቅጡ አያውቅም። ከተከራከራቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "ቀለም አይዋሽም።" የሚያናድደው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው።

እኔ ግራጫ ላይ ጥቁር የተረጨባት ቡራቡሬ ውሻ አለችኝ። ልጆቿ እሷን እንዲመስሉ ብዬ ከተማውን አስሼ፣ እንደሷ ቡራቡሬ ወንድ አገኘሁላት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማርገዟን ስነግራቸው ሊቀ ቀለማት ዝም አሉ።

"ምነው ጋሼ?"

"ቡራቡሬነት ከአንድ ወገን ሲመጣ ጌጥ ነው። ከእናትም ከአባትም የደረሰው ግን ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ ጆሮው ላይሰማ፣ ዓይኑ ላያይ ይችላል። ከአራት አንዱ ነው እንግዲህ። ምነው ብትጠይቂኝ?"

ሳይጠየቁ የሚመልሱትን ሰው፣ ያስፈለጉኝ ቀን አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ወዲያ እሷ ስትወፍር እኔ ከሳሁ።

አራት ወለደች። አንድ ጥቁር፣ ሁለት ቡራቡሬ፣ አንድ ነጭ። ሊቀ ቀለማት በየቀኑ እየመጡ "የቡችላ ጆሮ ቶሎ አይከፈትም፤ ገና ነው" እያሉ አጽናኑኝ። በአራተኛው ሳምንት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ከቡችሎቹ ጀርባ ቆመው በብሩሽ እጀታ መቱት። ሦስቱ እናታቸው ሥር ተወሸቁ። ነጩ የምንጣፉን ጫፍ ማኘኩን ቀጠለ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩና አለቀስኩ። "አሁን ይሄን ማን ይወስደዋል?"

"ምን ማለትሽ ነው፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ?" ብለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

አሁን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ አያቸዋለሁ። መዳፋቸውን ሲያነሱ ነጩ ይቀመጣል፤ ጣታቸውን ሲያዞሩ ይዞራል። አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ትናንት አንድ የማላውቀው ውሻ በደጃቸው ሲያልፍ እንኳ ዝም አሉ። ዝምታቸው አስጨነቀኝ፤ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ የዚያኛው ዘሩ ምንድነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

እስከ ምሳ ሰዓት ነገሩኝ። አንድም ጊዜ አላቋረጥኳቸውም።