የሊቀ ጠፈር መጨረሻዎች

ዓለም የተፈጠረችውም ያበበችውም ያረጀችውም በአንዲት ዓመት ውስጥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በየሰፈሩ አለ። ለአንዱ ያቺ ዓመት ኳስ የተጫወተባት ናት፤ ለሌላው በራሱ ላይ ፀጉር የነበረባት። ከእሷ በፊት የሆነው ሁሉ ዝግጅት፣ ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ ትርፍ ነው። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም ካላችሁ፣ እንግዲህ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛ ሰፈሩ ሰው ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው። ሱቃቸው ከፎቃችን ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ አጎንብሶ እጅ ያልነሳ አይገባባትም። ይህን ያዩ ሰዎች ናቸው መሰለኝ ማዕረጉን የሰጧቸው። ስማቸውን ረስተነዋል፤ ክቡር ሊቀ ጠፈር ነው የምንላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ ጠፈር፣ ስለ ሮቦትና ስለ ወደፊቱ ዘመን የተሠሩ አሥራ አንድ ፊልሞችን አብጠርጥረው ያውቃሉ። ዓመቱ ስንት እንደነበር ግን አልነግራችሁም፤ «ዕድሜዬን ያሰሉበታል» ብለው አደራ ብለውኛል።

እንግዲህ ከዚያ ዓመት ወዲህ አዲስ ነገር የለም። መንገድ ማዶ ያለው ባንክ ሰው ሲቀርበው ራሱን የሚከፍት በር ያስገባ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሊያይ ሲወጣ፣ እሳቸው ጎማ ከሚፈትሹበት የውሃ ሳፋ ቀና እንኳ አላሉም።

«እሱማ በዚያ ዓመት ታይቶ አልቋል።»

ኮምፒውተር የምታጠናው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ራሱን በራሱ ስለሚያስተምር ማሽን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳቻቸው። በትዕግሥት አዳመጧት።

«እና መጨረሻ ላይ አለቀሰ?» አሏት።

«ማሽኑ?»

«አዎ፣ ማሽኑ።»

«ኧረ አያለቅስም ጋሼ!»

«እንግዲያው ገና ናችሁ። በዚያ ዓመት አልቅሷል።»

የሊቀ ጠፈር የሥራ ሰዓት የሚለካው በፊልም ነው። የተነፈሰ ጎማ አንድ ፊልም ይፈጃል፤ ፍሬን ሁለት። ሰንሰለት የተበጠሰበት ሰው ምሳውን ይዞ ቢመጣ ይሻለዋል። እኔ ራሴ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስብሰባ ስቸኩል ጎማዬ ተንፍሶ ገብቼ፣ ስወጣ ስብሰባተኞቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ አግኝቻቸዋለሁ።

ቢሆንም ሰው ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱ የፊልሞቹ መጨረሻዎች ናቸው። ከሁሉ የምወደው የጨረቃ መብራት ጠባቂው ፊልም ነው። ሰውየው ለሚያልፉ መርከቦች መብራት እያበራ ጨረቃ ላይ ብቻውን ይኖራል። ተተኪው በዓመቱ ይመጣል ተብሎ ዘጠኝ ዓመት ሳይመጣ ይቀራል። በመጨረሻ መርከብ ትደርሳለች፤ ካፒቴኗ ሴት ናት። ሰውየው ሊያናግራት አፉን ቢከፍት ቃል ጠፋው። ዘጠኝ ዓመት ከማን ጋር አውርቶ!

«አልጠየቀችውም፣ አላጣደፈችውም» ይላሉ ሊቀ ጠፈር የጎማ ማጣበቂያ ማስቲሹን አስቀምጠው። «ሁለት ኩባያ አወጣች። አጠገቡ ተቀመጠች። ቃሉ እስኪመለስለት ዝም! ሦስት ቀን!»

«ሦስት ቀን ሙሉ ፊልሙ ላይ?»

«መጨረሻውን አታበላሽብኝ!»

ከዚያ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጋሉ። ጥፋቱ ሁልጊዜ የማስቲሹ ነው።

ነገር የመጣው በሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ በኩል ነው። ይህ ሰው ትልቅ ቴሌቪዥን የገዛ ሰሞን ያንኑ የጨረቃ ፊልም ከየት እንደሆነ እንጃ ፈልጎ አገኘው። «እሁድ ከሰዓት ሁላችንም እናያለን፤ እትዬም ይምጡ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። እትዬ ያለው የሊቀ ጠፈርን ባለቤት ነው። በዚያ ዓመት ሲኒማ ቤት ትኬት ይሸጡ ነበር፤ ፊታቸው ወደ መንገድ፣ ጀርባቸው ወደ ፊልሙ ሆኖ በትኬት መስኮት ስለሚውሉ አንድም ፊልም አላዩም። ፊልሞቹን በመስኮቱ በኩል የተረኩላቸው ሊቀ ጠፈር ናቸው። ትዳሩም የመጣው በዚያው መስኮት ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሊቀ ጠፈር ጠሩኝ።

«አንተ የጋዜጣ ሰው ነህ» አሉኝ። «አንድ ነገር ማስቀረት ትችላለህ?»

«ምን ጋሼ?»

«እሁድን።»

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳየው ተመለሰ። በሩን መለስ አድርገው የዚያን ዓመት ሥራቸውን ነገሩኝ። ፊልሙ አንድ፣ ሲኒማ ቤቱ ሁለት፤ አንዱ ዳገቱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ ባለቤታቸው ትኬት የሚሸጡበት። ላይ አንዱ የፊልም ጥቅል ታይቶ ሲያልቅ እሳቸው በብስክሌት ወደ ታች ያደርሱታል፤ ለሚቀጥለው ጥቅል ይመለሳሉ። የመጨረሻው ጥቅል ዳገቱ ላይ ባለው ቤት ሲታይ እሳቸው ያለፈውን ይዘው መንገድ ላይ ናቸው። ታች ሲታይ ደግሞ የመጀመሪያውን ለቀጣዩ ትርዒት ዳገት እያወጡ ነው።

«አሥራ አንድ ፊልም» አሉ። «አንድም መጨረሻ አላየሁም። ዓመቱ ሲያልቅ ለሁለቱም ቤት የየራሱ ቅጂ መጣና እኔም ሥራው ቀረብኝ።»

«ታዲያ መጨረሻዎቹን ከየት አመጧቸው?»

«እሷ በመስኮት ብቅ ብላ ‹እንዴት አለቀ?› ትለኛለች። አላውቅም ልበላት? ቁልቁለቱን ስወርድ አስቤ እደርስ ነበር።» ሳፋውን አተኩረው አዩት። «አርባ ዓመት አምናኛለች። ነገ እሷ ፊት ውሸታም ልሆን ነው።»

እናቴ የሞተች ጊዜ ከሰው ጋር መነጋገር አቅቶኝ ነበር። ያን ጊዜ ሊቀ ጠፈር ሱቃቸውን ዘግተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ሦስት ቀን አንድም ፊልም አላነሱም። ያኔ ፊልሙን የቀዱ መስሎኝ ነበር። ለካ ፊልሙ ነው ከእሳቸው የተቀዳው።

ሄጄ ፀጉር አስተካካዩን ለመንኩት። «ወንበር ተውሼ ጨርሻለሁ» ብሎ መለሰኝ።

እሁድ ደረሰ። መጋረጃው ተጋርዶ ሰው ሁሉ ወንበሩን ያዘ። ሊቀ ጠፈር በሩ አጠገብ ነበሩ። ገና ሲጀምር የፈሩትን ረሱት። «ይቺን አውቃታለሁ!» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እዚህ ጋ ነው የወጣሁት» ይሉኛል። ያላዩትን ክፍል እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው አዩት። መርከቧ ስትመጣ ግን ወንበራቸውን ወደ በሩ ሳብ አደረጉ።

ካፒቴኑ ባለ ሪዝ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ከጠባቂው ጋር በአንድ ቁልፍ ተጣሉ፤ ተታኮሱ፤ መብራቱ ፈነዳ፤ ጨረቃ ለሁለት ተሰነጠቀች። የፊልሙ ሠራተኞች ስም ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

«ጋሼ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሴትዮዋ የታለች? ሁለቱ ኩባያዎችስ?»

ሊቀ ጠፈር መሬት መሬት ያያሉ። ተነስቼ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ልል ነበር፤ ባለቤታቸው ቀደሙኝ።

«ምን ያስጮህሃል ልጄ? እንዲህ እንደሚያልቅ እኔም አውቃለሁ።»

ሁላችንም ዞርን።

«መስኮቴ መውጫው አጠገብ ነበር» አሉ። «በየቀኑ ያ ሁሉ ሰው መጨረሻውን እየረገመ በአጠገቤ ያልፋል። ‹ፈነዳ፣ አለቀ፣ ይሄም ፊልም ነው?› እያለ። ይሄ ደግሞ ላብ በላብ ሆኖ ይመጣና ስለ ሁለት ኩባያ ይነግረኛል።»

«አሥራ አንዱንም?» አሉ ሊቀ ጠፈር።

«አሥራ አንዱንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አውቃለሁ ብልህ በማግስቱ ምን ልትል ትመጣ ነበር?»

ሊቀ ጠፈር ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ቃል ጠፋቸው። እሳቸው! ባለቤታቸው አልጠየቋቸውም፣ አላጣደፏቸውም። ወንበራቸውን ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ነገር ሊል ሲል ክርኔን ጎኑ ላይ አሳረፍኩለት፤ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ሦስት ቀን አልፈጀም።

«የትኛው መጨረሻ ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ።

«እዚህ ነኝ አይደል?» አሉ ባለቤታቸው።

እኔ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ሰኞ ጠዋት ደህና የነበረውን ጎማዬን በመርፌ ወግቼ ወደ ደረጃው ሥር ወረድኩ። ወረፋ ነበር። ከፊቴ ፀጉር አስተካካዩ ቆሟል፤ ብስክሌት እንደሌለው አውቃለሁ። በብብቱ የተነፈሰ ኳስ ይዟል።