የጫማ ነጋዴ ስለ ምርጫ ሲተነብይ

የዛሬ ወጣት ነገ ማንን ይመርጣል? ይህን ጥያቄ «አላውቅም» ብሎ የሚያልፍ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ምሁሩ በሬዲዮ ይመልሳል፤ የታክሲ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይመልሳል፤ እኔም ከሲኒማ ራስ ወረድ ብላ ባለችው የጫማ ሱቄ ቁጭ ብዬ እመልስ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሰው አስለመደኝ! ወጣቱ ለመጪው በዓል ሹል ጫማ ይፈልጋል ወይስ ድቡልቡል ብዬ ከተነበይኩ ቃሌ መሬት ጠብ አይልም። የእግሩን ካወቅሁ የጭንቅላቱ እንዴት ይጠፋኛል አልኩ። ትስቃላችሁ? ሳቁ፤ እናንተም አንድ ቀን ተንብያችኋል።

ጎረቤቴ ከድር ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ረጋ ያለ፣ ቃሉ የሚታመን። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ሱቁ ድረስ እየገባ ብርድ ልብሱን ያበሰብስበታል። አቤት ያላለበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ መረረውና ምርጫ ሲደርስ በግል ለምክር ቤት ተወዳደረ፤ ምልክቱም ማንቆርቆሪያ ሆነች። «ትልልቁ ሰው ልቡን ቆርጧል፤ ተስፋዬ ወጣቱ ነው። እስኪ ያንተ ትንቢት ምን ይላል?» አለኝ። ፊቱን ብታዩት ለቀልድ አይመችም ነበር።

ጥናቴን ጀመርኩ። ከአውቶቡስ ተራ ወደ አብነት የሚያልፈውን ወጣት ከድር ደጃፉ ላይ አቁሞ ቢመረጥ ሊያሠራ ስላሰበው የጎርፍ መውረጃ ሲያስረዳ፣ እኔ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። «ጋሼ፣ በጣም አሪፍ ሐሳብ ነው!» ይላል አንዱ። «እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የጠፋው!» ይላል ሌላው፤ ጨብጦት ይሄዳል። የሚከራከር ጠፋ። «ከድር፣ ወጣቱ በእጅህ ነው» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ያስቸገረችን የገዛ ልጁ ፎዚያ ብቻ ነበረች። ገና የመጀመሪያ የምርጫ ካርዷን መውሰዷ ነው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ታግዘዋለች። «አባ፣ መውረጃው በምን ገንዘብ ይሠራል? ብቻህን ገብተህስ ማን ይሰማሃል? ስለ እኛ ሥራ ማግኘት ደግሞ ትንፍሽ አላልክም!» ትለዋለች፣ ሰው ፊት ሳይቀር። ከድር ከፋው። «ልጄ ሳትቀር ጠላቴ ትሁን?» ብሎ አኮረፋት፤ ምሳ ስታመጣለት እንኳ ቀና ብሎ አያያትም። ልጅቷ ዐይኗ እንባ ሲያቀር አይቻለሁ፤ ጥያቄዋን ግን አልተወችም። እኔም ብልጡ፣ የእሷን ድምፅ ከሒሳቤ ሰረዝኩት።

ውጤቱ የምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ከማንቆርቆሪያዋ ፊት ለፊት የተጻፈውን ቁጥር አልነግራችሁም፤ ጎረቤቴ ነው። ያ ሁሉ ሲጨብጠው የከረመ ወጣት የት እንደገባ እንጃ። ከድር ተመልሶ ብርድ ልብስ ክምሩ ላይ ዘፍ አለ። አሳዘነኝ፤ የተናገርኩት ሁሉ አሳፈረኝ። ፎዚያ ሻይ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች።

«አባ፣ እኔ መርጬሃለሁ።»

«ያን ሁሉ አጣጥለሽኝ?»

«ላልገዛው ዕቃ ምን አጨቃጨቀኝ? አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?»

እኔና ከድር፣ መርካቶ ያረጀን ሰዎች! ሊገዛ የመጣ ሰው ብርድ ልብሱን ገልብጦ «ይሄማ ይሳሳል፣ ቀለሙም ይለቃል፣ በል የመጨረሻውን ንገረኝ» እንደሚል፣ «ማሻአላህ፣ ሲያምር!» ብሎ ያለፈው ግን እንደማይመለስ እኛ ካላወቅን ማን ይወቅ? ሸቀጡ ራሳችን ስንሆን ጊዜ ጠፋን። ከድር ልጁን እቅፍ አድርጎ ሳቀ፤ በሳቁ መሃል ዐይኑን ሲጠርግ እኔ ወደ ጫማዎቼ ዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ትንቢቴ በጫማ ብቻ ተወስኗል። ከድር ግን በቀጣዩ ምርጫም ተወዳደረ። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ያለፈውም ጊዜ ጎርፍ፣ ዘንድሮም ጎርፍ፤ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም እንዴ?» አለው። ምን ዓይነት ባለጌ ነው ብዬ ልነሳበት ስል ከድር ክንዴን ያዘኝ።

«ወንበር አምጣ እንጂ!» አለኝ ፊቱ በርቶ፤ «ደንበኛ መጥቷል።»