የተቀቀለው ኮምፔንሳቶ

በሕይወቴ እምላለሁ፤ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች ዛሬ የበላሁት ምሳ አይርጋልኝ፣ የቀረችኝም ዕድሜ ለጠላቴ ትሁን። ወጣት በሕይወቱ ሲምል ብዙ ስላለው ነው፤ አይሰማውም። እኔ ግን የምምለው በቀረችኝ በጥቂቷ ነውና እመኑኝ።

ለመሆኑ ሰው በግ ሲገዛ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ጸሐፊ እንኳ የበዓል ሰሞን በግ ተራ ከወረደ ድንገት ሊቅ ይሆናል። አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፣ ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን በመዳፉ አንሥቶ ይመዝናል፣ ሦስቴ ይሄዳል፣ አራቴ ይመለሳል። ሽንኩርት የምትገዛዋም እንደዚሁ ናት፤ ጨብጣ፣ አሽትታ፣ ነጋዴውን ሰድባ ነው የምትገዛው። ይኸው ሰው እንጨት ሊገዛ ሲሄድ ምን ያደርጋል? ፊቱን ያያል። ያበራል? ያበራል። ይከፍላል። በቃ! በጉ በሦስት ቀን ያልቃል፤ ቁም ሳጥኑን ግን የልጅ ልጅ ይከፍተዋል። ለሦስት ቀኑ ይህን ያህል ምርመራ፣ ለሠላሳ ዓመቱ አንድ ዐይን! እኔን ብትጠይቁኝ የሰው ልጅ ጥበብ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው።

እኔ ወሎዬ ነኝ። ከደሴ ወጥቼ አስመራ፣ እዳጋ ሓሙስ ላይ ሻሂ ቤት የከፈትኩት ጢሜ ገና ጥቁር ሳለ ነው። ሚስቴ ዘሃራ የከተማዋ ልጅ ናት፤ ስትወደኝ በትግርኛ፣ ስትቆጣኝ በአማርኛ ታናግረኛለች፤ ቁጣዋ አንዱም እንዳያመልጠኝ ነው። ጊዜው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ሁሉ ነገር ከአዲስ አበባ የሚታዘዝበት፣ የመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ በአማርኛ ብቻ የሆነበት ነበር። ስለዚህ አማርኛዬን የሰማ እንግዳ ሰው ወሬውን ቁርጥ ያደርጋል፤ የመንግሥት ጆሮ እመስለዋለሁ። ሻሂዬን ሲቀምስ ይቀጥላል። መንግሥት እንደዚያ ያለ ሻሂ እንደማያፈላ ያውቃላ!

ጉዱ የመጣው የልጄ የራሕመት ሠርግ ቀን ሲቆረጥ ነው። ያጯት ከወዲያ ሰፈር፣ የዓኽርያ ሰዎች ናቸው፤ ደኅና ሰዎች። ግን አንዲት አክስት አሏቸው፤ ኣደይ ሳዕድያ ይባላሉ፤ ኣደይ እናቴ እንደ ማለት ነው። በእኛ መንደር ወግ ከሠርጉ በፊት የሙሽራይቱ ዕቃ በጋሪ ተጭኖ በከበሮ ወደ ባሏ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ የባል ወገን ሴቶች ከበው አንድ በአንድ እየከፈቱ ያዩታል። የዚህ ፍተሻ አለቃ ኣደይ ሳዕድያ ናቸው። የአንዲት ሙሽራ ሣጥን ሲከፈት ሲጢጥ ቢል ሴትየዋ «ሲጢጥ!» ብለው ደገሙት፤ ያቺ ልጅ ዛሬ የስድስት ልጆች እናት ሆና እንኳ ሰፈሩ የሚጠራት «ሲጢጧ» እያለ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አፌን ከፍቼ «የልጄን ቁም ሳጥን በገዛ እጄ እሠራዋለሁ!» አልኩ። ለምን አልኩ? ከተሠራው የሚያምረውን ለመግዛት አቅም አልነበረኝማ። በልጅነቴ ደሴ ከአጎቴ ጋር ሣጥን መትቼ ነበር፤ ይህችው ናት ሙያዬ።

የዘሃራ ወንድም እድሪስ ይህን ሲሰማ ሻሂው ትን አለው። እድሪስ ጣልያን ቤት የሠለጠነ ፋለኛሜ ነው፤ አናጢ ማለት ነው፣ ግን እሱን አናጢ ብትሉት ይቀየማችኋል።

«ዋእ! ኣያ ይማም፣ ቁም ሳጥን እንደ ሻሂ በማንኪያ የሚማሰል መሰለህ?»

«መጋዝ አለኝ፣ እጅ አለኝ።»

«ኣደይ ሳዕድያም ዐይን አላቸው። ተው፣ ራሕመት የእኔም ልጅ ናት፤ ያለቀለትን እኔ ልግዛላት። አንተ ስኳርህን ስፈር።»

ስድቡ አልነበረም የቆረጠኝ፤ ደግነቱ ነው። አባቷ እያለ አጎቷ ዳራት ሊባል ነው። ብሠራው ደግሞ፣ ቢጣመም ወይም ቢላቀቅ፣ ልጄ ዕድሜ ልኳን አንዳች የሚሰነጠቅ ነገር ስም ይዛ ልትኖር ነው። ራሕመት ጓዳ ሆና ትሰማ ኖሮ ብቅ አለችና፣ «አባ ይሥራው» አለች። እግዜሩ ያሳያችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ አለ?

በማግስቱ ኮምፔንሳቶ ፍለጋ ወጣሁ። ኮምፔንሳቶ ስስ ስስ የእንጨት ቅጠሎች በኮላ ተደራርበው የሚሠራው ሰፊ ጣውላ ነው፤ መቼም ቤታችሁ ሳይኖር አይቀርም፤ ባይኖርም የተቀመጣችሁበትን ገልብጣችሁ እዩ። መሀል ከተማ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከረባቱን አስተካክሎ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጢሜን ልላጭበት የምችል ጣውላ አወጣልኝ። በመዳፉ ደባበሰው። እኔም ደባበስኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ እጄን አነሣሁ። ከልቤ ግን አልወጣም፤ ያን የመሰለ ፊት ማን ይረሳል? ለማሰቢያ ብዬ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምኜ ወጣሁ።

ከዚያ ያረጀ ብረትና ያረጀ እንጨት ወደሚታደስበት ወደ መደበር ወረድኩ። አቦይ ወልዱ የሚባሉ ሽማግሌ በመርከብ የመጡ የመኪና ዕቃ ሣጥኖች እየፈቱ ይሸጣሉ። ጣውላቸው ፊቱ ጠቁሯል፣ የባዕድ ፊደል ታትሞበታል፣ ምስማር በስቶታል፤ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። ዋጋውን በአማርኛ ብጠይቅ ከመሀል ከተማው ባለከረባት የባሰ ጠሩብኝ።

«አቦይ፣ በዚህ ዋጋ መርከቡም አብሮ ይመጣል?»

«ለቢሮ አይደል የምትገዛው?»

«ለልጄ ቁም ሳጥን ነው፤ ልድራት ነው።»

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ዋይ፣ ለልጅህ ነው? ለልጅ ሌላ ዋጋ አለው» አሉና ከግማሽ በታች ወረዱ። ከዚያም ጠጋ ብለው፣ «ፊቱን አትይ። ይህ ባሕር ተሻግሮ፣ ምጽዋ ላይ በወበቅ ተቀቅሎ የመጣ ነው» አሉኝ።

ተቀቅሎ! ይህች ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ፈላች። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ነገር የማውቅ ከሆነ መቀቀል ነው። ከእሳቸውም አንድ ቁራጭ ተቀብዬ ወደ ሻሂ ቤቴ ከነፍኩ።

በአሮጌው በራድ ውሃ ሞልቼ ሁለቱን ቁራጮች ጨመርኩና ከሰሉ ላይ ጣድኩ። ከዙሁር እስከ ዐስር ሶላት ተንተከተኩ። ሁለት ጆንያ ከሰል ፈጀሁ፤ ከፈለጋችሁ ሦስት በሉት። መስጊድ ደርሼ ስመለስ ዘሃራ፣ ምንም ሳታውቅ፣ ከዚያው በራድ እየቀዳች ለደንበኞች አድላለች! አንድ የፖሊስ ባሻ ብርጭቆውን ጨርሶ ከንፈሩን ይልሳል።

«ይማም፣ ዛሬ ቅመም ቀይረሃል። ቀረፋ ነው?»

«የቀረፋ ዘመድ ነው፣ ጌታዬ።»

«ድገመኝ።»

ደገምኩት። ምን ላድርግ? መንግሥት አዘዘ። ባሻው እስከ ጡረታው ድረስ አንድም ቀን ሆዴን ሳይል ነው የኖረው፤ ሆዱ ከውስጥ ተጣብቆለት ይሆናል።

በራዱን ስገለብጠው ያ የሚያብለጨልጨው ቀይ ፊት እንደ እርጥብ ጋዜጣ ተገልጦ፣ ቅጠሎቹ ለየብቻ ሲንሳፈፉ አገኘኋቸው። የአቦይ ወልዱ ፈንጣጣማ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥፍሬን ሰደድኩበት፤ የለም። በቢላ ሞከርኩት፤ ቢላው ታጠፈ። በደስታ ሦስቴ ዘለልኩ፣ ሦስተኛው ጊዜ ጣሪያውን ነካሁ።

በማግስቱ ከመደበር ሙሉ ጣውላዎቹን እየመረጥኩ ዋልኩ፤ በግ እንደሚመርጥ ወሎዬ። እናንተም ስሙኝ፣ አላስከፍላችሁም። መጀመሪያ ጠርዙን እዩ፤ ምስጢሩ ያለው እዚያ ነው። ቅጠሎቹ ጎዶሎ ቁጥር ይሁኑ፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፤ ለአንድ ውፍረት ቅጠሉ በበዛ መጠን አይጣመምም። በቅጠሎቹ መሀል ጉድጓድ ካያችሁ ተዉት፤ ምስማር ይውጣል እንጂ አይዝም። ቀጥሎ አንድ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩበት፤ ጎባጣው ያኔ ራሱን ያጋልጣል። በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ፤ ድምፁ እየተለወጠ ባዶ ጣሳ ከመሰለ ውስጡ ተላቅቋል። ጀርባውን ገልብጡ፤ ሁሉ ሻጭ የሚያሳያችሁ ፊቱን ነው። በመጨረሻም መልኩ አያስጨንቃችሁ። መልክ የብርጭቆ ወረቀትና የቫርኒሽ ሥራ ነው፤ ኮላውን ግን ቤታችሁ ወስዳችሁ አትጨምሩበትም።

የፊደሉን ጥቁር በብርጭቆ ወረቀት እስኪጠፋ ፈተግሁት፤ የምስማሩን ቀዳዳ በመጋዝ ብናኝና በኮላ ደፈንኩት፤ ቫርኒሽ አምስት ጊዜ ቀባሁት። ሲያልቅ ማር መሰለ። እድሪስ መጥቶ ዞረው፤ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ አንድም የሚነቅፈው አላገኘም። ይህ ከምርቃት በለጠብኝ። ባዶ እጁንም አልመጣም፤ ለራሕመት ስጦታ የሚሆን ባለመስተዋት ጠረጴዛ፣ ከዚያው ከቀዩ የሚያብለጨልጭ ኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ አስጭኖ ነበር። ከቁም ሳጥኔ ጎን ሲቆም ሙሽራ ይመስላል።

የዕቃው ቀን ደረሰ። ሁለቱም አንድ ጋሪ ላይ ተጫኑ፤ ከበሮው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ከእዳጋ ሓሙስ ወደ ዓኽርያ ጉዞ። መሀል መንገድ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ዘነበ! ዝናብ ስላችሁ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ በረዶው የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ አንዱ የጋሪውን ፈረስ ጆሮ መትቶት ፈረሱ ዞር ብሎ አየኝ። ሴቶቹ በረንዳ ስር ገቡ፣ ከበሮው ድምፁ ጠፋ። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ ከጋሪው አጠገብ ቆምኩ። የፈላ ውሃ ያልበገረውን ቀዝቃዛው ምን ያደርገዋል? እያልኩ፣ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

ዓኽርያ ደርሰን ዕቃው ሲወርድ የእድሪስ ጠረጴዛ ሆዱ ተነፍቷል፤ ቀዩ ፊቱ እንደ ተላጠ ብርቱካን በአንድ ጥግ ተንጠልጥሏል። እድሪስ መስተዋቱን አየ፣ መስተዋቱም እድሪስን። ያኔ ኣደይ ሳዕድያ ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። ዘሃራ እጄን ጨበጠችኝ፤ ጣቶቼ ተሰባብረው ነበር፣ በኋላ ነው የገጠሙት።

ሴትየዋ ቁም ሳጥኑን ዞሩት። በቀለበታቸው አንኳኩት፤ እኔ ያንኳኳሁበትን ቦታ ሁሉ! ጥፍራቸውን በጠርዙ ሰደዱ። አጎንብሰው ጀርባውን አዩ። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ፤ ትንፍሽ አላለም። ጭንቅላታቸውን አስገብተው አሸተቱ። ቀና አሉና ወደ ተላጠው ጠረጴዛ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ኣደይ።»

«እወ» አሉ፣ አዎ ማለት ነው፤ ዐይናቸውን ሳያርገበግቡ። «እጅህ ሻሂ ላይ ባክኗል።»

እልልታው ምጽዋ ድረስ ተሰማ። መርከቦች ጡሩምባ ነፍተው መለሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጄ በዓኽርያ ስሟ ራሕመት ብቻ ነው፤ ምንም አልተቀጠለባትም። ለአንድ አባት ከዚህ የበለጠ ድል ካለ ንገሩኝ።

ከሳምንት በኋላ የእዳጋ ሓሙስ ሰው ሁሉ በኪሱ ቁራጭ እንጨት ይዞ ሻሂ ቤቴን አጥለቀለቀው። ዘሃራ በራዶቹን ለየችና የእንጨቱን በራድ ጆሮ በቀይ ጨርቅ አሠረች። አንድ ረፋድ ላይ እድሪስ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ግራ ቀኙን አይቶ ገባና ከኮቱ ኪስ መዳፍ የምታህል ነገር አወጣ።

«ኣያ ይማም፣ ባለቀይ ጨርቁ በራድ ነፃ ነው?»

«ተራህን ጠብቅ» አልኩት። «የቐንየለይ» ብሎ ተቀመጠ፤ አመስግኖ ማለት ነው። ፋለኛሜው፣ ጣልያን ቤት የሠለጠነው፣ አመስግኖ ተራ ጠበቀ!

እንግዲህ በሕይወቴ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ላርም። በዚያ ዝናብ ውስጥ እጄን አጣጥፌ፣ ፈገግ ብዬ ቆምኩ ያልኳችሁ፣ እሷ ብቻ ፈጠራ ናት። ካፖርቴን አውልቄ ቁም ሳጥኑ ላይ ጣልኩት፤ አልበቃ ሲል ጋሪው ላይ ወጥቼ በደረቴ ተደፋሁበት፤ ዓኽርያ እስክንደርስም «ያ አላህ፣ ኮላውን አደራ» እያልኩ ነበር። ቀቅዬ ፈትኜው የለ? ፈትኜዋለሁ። በራድ ውስጥ ያለው ግን ቁራጭ እንጨት ነበር፤ ጋሪው ላይ ያለው የልጄ ነው። የቀረው ሁሉ፣ የበረዶው ልክ ጭምር፣ እንደነገርኳችሁ ነው።