ለሲፈን እግር ጎማ ስንመርጥ

ሰው ልጁን እጇን ይዞ «ቁሚ፣ ቁሚ» ሲል ከርሞ፣ በስንት መከራ በሁለት እግሯ ካቆማት በኋላ፣ ገበያ ወጥቶ መልሶ የሚጥላትን ጎማ የሚገዛላት ምን ነክቶት ነው? ይህን ጥያቄ ለሰፈሬ ወላጆች ሁሉ አቅርቤያለሁ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ የልጁን ባለ ጎማ ጫማ ያስር ነበር።

ነቀምትን ለማያውቅ ሰው፣ በእግሩ የሚሄድ እንኳ ፍሬን የሚያስፈልገው ከተማ ነው ብል አላጋነንኩም። ቡርቃ ጃቶ ካለው ቤታችን ደጅ ያመለጠ ድንች ታች ሰፈር ሳይደርስ አይቆምም። ደልዳላ ቦታ ቢፈለግ የተገኘችው የቸርቻችን ግቢ ንጣፍ ብቻ ናት። እዚያ ላይ ነው የጎረቤት ልጆች በሮለር ስኬት ሲንሸራተቱ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሲፈን አይታ «እኔስ?» ያለችው። አንድ ወር ሙሉ «እኔስ?» አለች። በመጨረሻ እሺ አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ግን እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምገዛ ሰው አይደለሁም። ስለ ጫማው ደህንነት ስልኬ ላይ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ቁርጭምጭሚት አጥብቆ የሚይዝ፣ ተረከዙ ላይ ፍሬን ያለው፣ ጎማው ሳይንገጫገጭ የሚሽከረከር መሆን አለበት። የራስ ቆብም፣ የጉልበትና የክርን መከላከያም፣ የእጅ አንጓ መከላከያም ያስፈልጋል። ሁሉንም በወረቀት ጻፍኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ አጥንቷ ሳይሰበር እንድትመለስልኝ።

ወረቀቴን ይዤ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ገባሁ። ጋሽ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የሸበቱ፣ ኦሮምኛውን ከብዙዎቻችን አሳምረው የሚናገሩ ነጋዴ ናቸው። «አካም ጅርታ፣ ባርሲሳ!» ብለው በመምህርነት ማዕረጌ ተቀበሉኝ። ጫማውን አወረዱ። ደህንነቱስ? አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ደበደቡትና «ብረት ነው፤ አይሰበርም» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። እኔ የጠየቅሁት ጫማው ይሰበራል ወይ ብዬ ነው? ልጄ ትሰበራለች ወይ ነው እንጂ! ቆቡን አሳዩኝ፤ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ላስቲክ ኩባያ ሰርጎድ አለ። «እሱ እንኳን ለፎቶ ነው» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!

ቆይ፣ ይህን የሚያስመጣው ማነው? የሚፈትሸውስ? ጤፍ ስንገዛ ጆንያውን ወግተን፣ እፍኝ ዘግነን፣ እፍ ብለን፣ በጥርሳችን ቆርጥመን ነው። ለልጅ ጭንቅላት የሚሆነውን ግን በቀለሙ እንመርጣለን። ሐምራዊ ከሆነ አለቀ፤ ጠቅልልልኝ ነው። ይህን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ተናገርኩ። ጋሽ ሸምሱ ላብ በላብ ሆነው ከጓዳ ጠንካራ ቆብና የተሟላ መከላከያ አወጡልኝ። ፍሬኑን ጎተትኩ፣ ጎማውን አሽከረከርኩ፣ ማሰሪያውን በጥርሴ ሳይቀር ሞከርኩ።

«ልጅቷን ይዘሃት ብትመጣ ትለካው ነበር» አሉኝ። ልጅ ይዞ ሱቅ የሚገባ ሞኝ ማን አለ? ያየችውን ሁሉ ካልገዛህልኝ ብላ አገር ትሰበስባለች። ከኪሴ ሲባጎዬን አወጣሁ። ጠዋት ሲፈንን አቁሜ ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ የለካሁበት ነው፤ ባለቤቴ ጫልቱ ደግሞ እንደ ደንቡ ሁለት ጣት አስረዝማ ቆርጣዋለች። ሁለት ጣት ለምን? አይ አንባቢ፣ ልጅ አላሳደግህም ማለት ነው! እግር እንደሆነ ነገ ይረዝማል፤ በየዓመቱ ጫማ ልንገዛ ነው? ጋሽ ሸምሱ ሲባጎውን ጫማው ውስጥ ዘርግተው «ሰፋ አይልባትም?» አሉ። ስለ ደህንነት እሳቸው ለእኔ! ፊቴን አይተው ጠቀለሉልኝ። ቆቡንም መከላከያውንም በዚያው በሁለት ጣት ሒሳብ አስፍቼ ገዛሁ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሲፈንን ግቢው ውስጥ አስታጠቅናት። ሁለት ካልሲ ደረበች፤ የጫማው ጫፍ ውስጥ ጫልቱ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት። እኔ «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ ከጎኗ ሮጥኩ። አራት ሜትር ያህል እየሳቀች ሄደች። ከዚያ ጫማው ወደ ቀኝ ዞረ፤ እግሯ ግን ውስጡ ሆኖ ወደ ፊት ቀጠለ። ቆቡ ዓይኗ ላይ ወረደ። የእጅ አንጓ መከላከያው ክርኗ ድረስ ሸሽቶ ነበርና በባዶ እጇ ወደቀች። «አባዬ፣ እጄን!» አለች። እንዲያ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ሐኪም ቤት አንዲት ወጣት ዶክተር «ማል ታቴ?» አለችን፣ ምን ሆነች ማለቷ ነው። ምን እንደሆነች ከአስመጪው ጀምሬ፣ በቸርቻሪው በኩል አድርጌ፣ ተቆጣጣሪ እስከጠፋበት ዘመን ድረስ ዘረዘርኩላት። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ እያየች አዳመጠችኝ። አጥንቷ አንጓዋ አጠገብ ተሰንጥቋል። «ለመሆኑ ጫማው ልኳ ነበር?» አለችኝ። ጫልቱ መሬት መሬት አየች፤ እኔ ጣራ ጣራ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። እግርን አጥብቆ ያልያዘ ጫማ ሺህ ፍሬን ቢኖረው ዋጋ እንደሌለው ረጋ ብላ አስረዳችን። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ፣ በእውነት ያልተማረ ወላጅ በዛ፣ ይህ እኮ ግልጽ ነገር ነው፣ አልኩ። ሲፈን እንባዋን ጠርጋ እጇን ሰጠች። ዶክተሯ የራሰውን ጄሶ በዚያች ቀጭን ክንድ ላይ ትጠመጥም ጀመር፤ ስድስት ሳምንት አይፈታም ብላናለች። አየሁት። ልክክ ብሏል፤ ጣት አያስገባም። የአባት ሆዴ አልቻለም፤ ቱግ አልኩ።

«ዶክተር፣ ምነው እንዲህ አጠበቁት? ሰፋ ያድርጉት እንጂ፤ ልጅ አይደለች? ታድግበታለች!»