ዜና እሱባለው፤ አዲሱን ብሮውዘር በወረታ ስለ ጠመዱበት ቀን

በሺህ ዓመቱ መለወጫ ማግስት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ መብራት በፈረቃ ይነግሥ በነበረበት ዘመን፣ በወርኀ ሐምሌ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ባሕር ባስመሰለበት ሰሞን፣ ማውስ ጨባጩ፣ ቫይረስ አሳዳጁ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙበት ላይ የአንዲት ክፍል ኮምፒውተር ቤት ጌታ የሆኑት እሱባለው፣ ጢማቸው ልብቀል አልብቀል እያለ ገና በመምከር ላይ ሳለ፣ ይህን ታላቅ ሥራ ሠሩ።

ወእምዝ በገበያ ቀን ወይዘሮ ታይቱ ዘቁሐር ሚካኤል ላሞቻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ ጭቃውን እስከ ጉልበት እየቀዘፉ መጡ። የመጡበትም ነገር ይህ ነው፤ ልጃቸው ባየህ ለትምህርት ሕንድ አገር ከሄደ ወዲህ አንድ ክፉ ወሬኛ «ከስቶ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል» ብሎ በሰንበቴ አውርቶ ነበርና እህል ከጉሮሯቸው አልወርድ አላቸው። ባየህ በስልክ ደህና ነኝ ቢል፣ ደህና አይደለሁም የሚል ልጅ የት አለ ብለው አላመኑትም። በመጨረሻም ፎቶውን በእሱባለው ኢሜል ላከ።

እሱባለውም በነባሩ ብሮውዘር፣ ማለት ኢንተርኔት በሚከፍቱበት በዚያ ባረጀው ፕሮግራም፣ ፎቶውን ቢከፍቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር፤ ፀጉር ታየ፣ ግንባር ታየ፣ ቅንድብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ደግመው ቢከፍቱ ደግሞ ቆመ። ግንባር ደግሞ ሰው ቢከሳም ቢወፍርም ያው ግንባር ነው። ወይዘሮ ታይቱም አወጁ፦ «እኔ ልጅ የሸኘሁት ከነጉንጩ ነው፤ በግንባር አልደለልም። ፊቱን ሳላይ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልል።» ይህንም ብለው በቤቱ ካሉት ወንበሮች ደህነኛውን ያዙ።

እሱባለውም ፈሩ፤ ፈረቃው ከቀትር በኋላ መብራቱን ሊወስድ፣ ወይዘሮይቱም ጦማቸውን ሊውሉ ነውና። ስለዚህ የቀበሮ ምልክት ያለበትን አዲስ ብሮውዘር ለመሞከር ቆርጠው ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ። የተሰበሰቡትም፣ ፕሮግራሙን ከባሕር ዳር ያመጡበትን ፍላሽ እንደ ማዕተብ ባንገታቸው ያንጠለጠሉት መምህር ሸዋዓለም፤ መንገደኛ ትቶ በመስኮት የሚያየው ባለ ባጃጁ አንለይ፤ ወይፈን በመግራት በቁሐር አቻ የሌላቸው፣ የወይዘሮ ታይቱ ጎረቤት አያ አዛናው፤ ዝናብ ያስገባቸው ስማቸው ያልታወቀ ብዙ ሰዎች፤ ፍየልም ነበረች።

አዲሱ ብሮውዘር ከተጫነ በኋላ አያ አዛናው አዋጅ ነገሩ፦ «ያልተገራ ወይፈን ብቻውን ማሳ አይገባም። ከነባሩ በሬ ጋር ይጠመድ፤ ትልሙን ከሱ ይማር።» እሱባለውም የገበሬ ልጅ ናቸውና ነገሩ ከልባቸው ገባ፤ ነባሩን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ አድርገው ሁለቱን ባንድነት ከፈቱ፣ ፎቶውንም በሁለቱ አዘዙ። መምህር ሸዋዓለም ሊቃወሙ አስበው ነበር፤ ግን ምክሩ ሲሰሙት ደስ የሚል ነበርና እሳቸውም «ይሁን» አሉ። ኮምፒውተሩም አቃሰተ፤ የአሸዋ ሰዓት ምልክቷ በስክሪኑ መካከል ተተከለች፤ ማውሱ አልንቀሳቀስ አለ፤ ሁለቱም በሬዎች ከትልሙ ላይ ተኙ።

ወወድቀ ፍርሃት ላዕለ ኵሉ ሕዝብ፤ ከፍየሏ በቀር ሁሉም ደነገጠ። አያ አዛናው አለንጋ ፈለጉ። አንለይም በባጃጅ ልማድ የኮምፒውተሩን ሳጥን በጥፊ ሊለው እጁን በመስኮት ሰደደ። እሱባለው ግን ወደ ወይዘሮ ታይቱ ተመለከቱ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያን ግንባር ያዩ ነበር፣ ዓይናቸውም እንባ ሞልቶ ነበር። ጀግናውም ከልባቸው አዘኑ። ከተማሪነታቸው ጀምሮ ያገለገላቸውን ነባሩን ብሮውዘር ከቀንበር ሊፈቱት ወስነው፣ በስመ ሥላሴ፣ የተኛ ፕሮግራም የሚዘጋባቸውን ሦስት ቁልፎች ባንድነት ተጭነው አወጁ፦ «ነባሩ በክብር ይረፍ፤ ወይፈኑ ብቻውን ይሂድ፤ ጥፋት ቢመጣ በራሴ።»

ወይፈኑም ሄደ። ቅንድቡን ተሻገረ፤ ዓይን ወጣ፣ አፍንጫ ወጣ፤ ቀጥሎም ጉንጭ መጣ፣ ጉንጩም መጥቶ መጥቶ አላልቅ አለ። ባየህ ዘቁሐር በሕንድ አገር እንደ ፋሲካ ሙክት ሰብቶ ነበር። ሕዝቡ እልል ሲል ወይዘሮ ታይቱ ሳቁ፣ እየሳቁም አለቀሱ፣ የመጨረሻውንም አዋጅ አወጁ፦ «ልጄ ወፍሯል፤ ያ ወሬኛ ይስማ። አንተም ጻፍልኝ፤ ጧቱን ሙሉ ሌላ የማየው አልነበረኝምና ፀጉሩን አጥብቄ አይቸዋለሁ፤ ይቆረጥ።»

እሱባለውም ጽፈው ላኩ፤ መብራቱም ወዲያው ሄደ። ወይዘሮይቱም በዚያው በጨለመው ቤት፣ ከወሬው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ አሉ፤ በቤቱም ከእሱባለው ምሳ በቀር የሚበላ አልነበረም፤ የሩዝ እንጀራውን ከነሽሮው አንዲት ጉርሻ ሳያስቀሩ በሉ።

እነሆ፣ አገር ያስገበሩ ብዙዎች ናቸው፤ ግንብ የገነቡም አሉ። ማውስ ጨባጩ፣ ወይፈን ገሪው፣ ቅንድብ ተሻጋሪው እሱባለው ግን እናት አጥግበው ጦማቸውን ዋሉ። ስማቸው ከወረታ እስከ አንበሳሜ ይጠራ፤ የበሉትም ወይዘሮ ይባርኳቸው።