የተተወ ቤት ፎቶ

ሰው የራሱ ቤት ሲፈርስ ማየት አይወድም፤ የሌላውን ፍርስራሽ ግን አንገቱን አስግጎ ያያል። ይህን ስል ራሴን ከሰው ለይቼ አይደለም። እንዲያውም በዚህ በኩል ከብዙዎቻችሁ እብሳለሁ። እናንተ ገልመጥ አድርጋችሁ የምታልፉትን የተሰነጠቀ ግድግዳ እኔ ቆሜ፣ ተንበርክኬ፣ አንዳንዴም አፈር ላይ በሆዴ ተኝቼ ፎቶ ሳነሳ የከረምኩ ሰው ነኝ። በስልክ ነው ታዲያ። ካሜራ የለኝም፤ ስልኬም ብትሆን አንድ ጥጓ የተሰነጠቀ ነው፣ ከምታነሳው ነገር ጋር ትመሳሰላለች።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ወግዲ ተወልጄ መካነ ሰላም ላይ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስተማሪ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ ምንም። አንድ ክረምት ኔትወርክ ብልጭ ባለ ቁጥር ስልኬን እየጎረጎርኩ ሳለ የሩቅ አገር ፎቶ አንሺዎች የለጠፏቸውን ሥዕሎች አገኘሁ። ሰው ጥሎት የሄደ ፋብሪካ። ወለሉን ሰንጥቆ ዛፍ የበቀለበት ሆስፒታል። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ አቧራ የዋጠው ሲኒማ ቤት። ከሥር ሰው ሁሉ እየተቀባበለ «እንዴት ያምራል» ይላል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሕግ አላቸው። የተተወ ቤት ሲገቡ ምንም አይነኩም፣ ምንም አይወስዱም፤ ፎቶ ብቻ አንስተው ይወጣሉ። የሌባ ድፍረትና የመነኩሴ ንጽሕና አንድ ላይ። ልቤን ወሰዱት።

እነሱ ፍርስራሽ ፍለጋ ባሕር ይሻገራሉ፤ ከእኔ የሚጠበቀው ከደጄ መውጣት ብቻ ነበር። በእኛ ከተማ ኖሮ ኖሮ የወደቀ አለ፣ ሳይኖር የወደቀም አለ። ይኸኛው መሠረቱ ሲጣል ድንኳን የተተከለለት፣ ንግግር የተደረገለት፣ የተጨበጨበለት፣ ከዚያ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደተገተረ የቀረው ነው። ሁሉንም አነሳሁ። ስልክ ይዤ በቆምኩበት ሁሉ «ከማዘጋጃ ቤት ነህ?» የማይለኝ አልነበረም። ፍርስራሽ ስለሚያምር ነው የማነሳው ብል ማን ያምነኛል? ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ዳር ሥራ ያቆመች ወፍጮ ቤት ላነሳ ስሄድ፣ የባለቤቱ ሚስት «ቆይ ትንሽ» ብለው ገቡና መጥረጊያ ይዘው ወጡ። የሸረሪት ድሩን ጠረጉ፣ የሞተሩን ሽፋን በውኃ አጠቡ፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ከጎኑ ቆሙ። ፍርስራሼን አጸዱብኝ። ምን አደርጋለሁ፣ አነሳኋቸው።

ሰው የሌለበት ፎቶ ለምን እንደወደድኩ አንዳንዴ ራሴን እጠይቅ ነበር። መልሱን ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ይመስለኛል። መስከረም ላይ ስም ስጠራ «አቤት» ከሚለው «ሄዷል»፣ «ሄዳለች» የሚለው እየበዛ መጣ። የቀሩትም ተማሪዎች ከዓለም ካርታ የሚጠይቁኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለ ሌላው አህጉር ሳስተምር በመስኮት ያያሉ፤ ቀይ ባሕር ላይ ስደርስ ሁሉም እስክሪብቶ ያነሳል። ከጅቡቲ ወዲያ ያለው ውኃ ስፋቱ ምን ያህል ነው ብላ አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በሳምንቱ ወንበሯ ባዶ ነበር። ባዶ ነገር ማየት ስትለምዱ ውበት ትፈልጉለታላችሁ። ሌላ ምን ትሉታላችሁ?

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ እትዬ ዘሐራ ቤት የደረስኩት።

ቤቱ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት በረንዳ፣ ፊት ለፊቱ ጨውና ስኳር ይሸጥባት የነበረች ጠባብ ሱቅ። እትዬ ዘሐራን በሕይወት ሳሉ አንድ ሁለቴ ከሱቃቸው ሻማ ገዝቻለሁ እንጂ አላውቃቸውም። ሞተው ቤቱ ተዘጋ። በክረምቱ ነፋስ የጣሪያው ቆርቆሮ ግማሹ ተገነጠለ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሳልፍ አጥሩ ዘንበል ብሎ አየሁት። ጎረቤት ያሉ ሴት ልብስ ያሰጣሉ፤ ፎቶ ላነሳ ብገባ የሚቆጣኝ አለ ወይ አልኳቸው።

«ማን ይቆጣሃል፣ ባለቤቲቱ ሞተዋል» አሉኝ።

ገባሁ። ፍራሽ የሌለው አልጋ። በምስማር ላይ የተንጠለጠለ መስገጃ። ግድግዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ፎቶ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። በተገነጠለው ጣሪያ የገባችው ፀሐይ ከመስገጃው ስንዝር በማትሞላ ርቀት ላይ አርፋለች። ሕጉን ታስታውሳላችሁ፣ ምንም አይነካም። እኔ መስገጃውን ወደ ብርሃኑ ሳብ አደረግሁት። ትንሽ ነው። ከዚያ አነሳሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የዚያን ያህል ያማረ የለም። በዚያው ቀን «ሁሉም ሄዷል፤ ብርሃን ብቻ ቀርቷል» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየተቀባበሉት ቅዳሜና እሑድን በደስታ ሰከርኩ።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ መልእክት ገባ። ስሟ «ሐያት» ይላል፤ በመልኳ ቦታ የጽጌረዳ ሥዕል አድርጋለች።

«ወንድሜ፣ ይህ ቤት የት ነው?»

አድናቂ መስላኝ ቶሎ መለስኩ። መካነ ሰላም አልኳት።

«ከመስጊዱ ጀርባ ያለው?»

«አዎ፣ ታውቂዋለሽ?»

ጥያቄዬን አልፋ «ባለቤቲቱ የት ሄደው ነው?» አለች።

እዚህ ላይ እጄን የሚይዝ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። አጠገቤ የነበረው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ እሱም ዳቦውን ይበላል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እንዲህ ያለ ድባብ የሚገኘውም ሰው በሌለበት ቤት ብቻ ነው።»

ማንበቧን የምታሳየው ምልክት መጣች። ደወል ተደወለ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ተመለስኩ። የድምፅ መልእክት ጠበቀኝ። ምስጋና ነው ብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግማ የምትለው። «ጆሮዋን አሟት ነው ያሉኝ። ጆሮዋን አሟት ነው እኮ ያሉኝ።» ከኋላዋ ሕፃን በዓረብኛ ይጣራል። እሷ ድምፅዋን አስተካክላ «ሐዲር» አለችው፤ እሺ መጣሁ እንደማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፣ «ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው እኔ ነኝ» አለችና ተቋረጠ።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎሕ ሳይቀድ ይኬዳል፣ ብቻዋን እንዳትሆን ሴቶች በግራ በቀኝ ይቀመጣሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚህ ላይ አንድ ነው። እኔም በአያቴ መርዶ ጊዜ ሦስት ሰዎች ደግፈው ይዘውኛል። ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰው ይፈልግሃል ተባልኩ። የእትዬ ዘሐራ ወንድም ጋሽ ይማም ናቸው፤ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሥራቸው ተነሥተው ሳይሆን አይቀርም የመጡት፤ ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነው።

«ፎቶ የምታነሳው መምህር አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሽ ይማም። ይቅርታ ልጠይቅዎት ልመጣ ነበር።»

«ልትመጣ ነበር» አሉ፤ ቁጣ የለበትም፣ ቃሌን ብቻ ነው የደገሙት። አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መቀመጥ ከበደኝ። «እህቴ የሞተች ቀን ሐያት ጅዳ ነበረች፤ ኮንትራቷ ገና አላለቀም። ብንነግራት ማዳሟ አትለቃትም። ጠፍታ ትወጣለች፣ ትያዛለች፣ ወይ በራሷ ላይ አንድ ነገር ታደርሳለች ብለን ፈራን። ጆሮዋን አሟታል፣ ስልክ አትሰማም አልናት። ስትደውል ተኝታለች እላለሁ። ደሴ ለሕክምና ሄዳለች እላለሁ። ኔትወርኩም አግዞናል። ሌላው ሰው ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሲያማርር እኔ አልሐምዱሊላህ እል ነበር።»

ቀና ሳይሉ ቀጠሉ።

«ከረመዷን በኋላ ልትመጣ ነበር። ቆርቆሮውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ጣሪያውን አልብሰን፣ ቤቱን ለቅልቀን፣ የንጋቱ ሱብሂ ከተሰገደ በኋላ ልንነግራት ነበር። እናቷ ቤት። እናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ስትነግራት ምን እያደረገች ነበር?»

«ልጅ እየጠበቀች መሰለኝ።»

ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው እጃቸው ላይ ቀስ እያሉ ጠቀለሉት። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ሲነሡ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «አብሽር» አሉኝ። ሐዘን የደረሰባቸው እሳቸው፣ አይዞህ የሚባለው እኔ።

ፎቶውን አጠፋሁት። እኔ ዘንድ ማለቴ ነው። የተቀባበሉት ሰዎች ዘንድ አለ፤ አንዱ የዋሽንት ዜማ ጨምሮበት አየሁት። እንዲያጠፋልኝ ብለምነው «ሥራህን ስላደነቅሁ ነው» አለኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐያት ጻፈችልኝ። አንተ ነህ የገደልካት የምትል መስሎኝ ነበር። «መምህር፣ ቀብሯን አንሳልኝ» ነው ያለችው። ከጋሽ ይማም ጋር ሄድን። መካነ መቃብሩ ክረምት ጠግቦ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል። ጋሽ ይማም አንድ ክምር ድንጋይ አጠገብ ቆሙ፣ ተጠራጠሩ፣ ወደሚቀጥለው ሄዱ፣ ተመለሱ። «ይኸኛው ነው» አሉ። ከዚያ «ይኸኛው መሆን አለበት» አሉ። ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ ራቅ ብዬ ጠበቅኋቸው። ከጨረሱ በኋላ እንደቆምኩ፣ ማዕዘን ሳልመርጥ፣ ብርሃን ሳልጠብቅ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁ። ላክሁላት።

«ሣሩን ማን ይነቅለዋል?» አለች።

ጋሽ ይማም «እኔ በላት» አሉ፤ ጻፍኩ።

ከመካነ መቃብሩ ስንወጣ መለሰች። «ኮንትራቴን አድሻለሁ። ከእንግዲህ ለማን ብዬ እመጣለሁ።»

አነበብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ጽፋልኝ አታውቅም፤ ለእሳቸውም የምትደውለው በዓል ሲሆን ብቻ ነው። ቆርቆሮው ሱቃቸው ውስጥ፣ ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ለጥቂት ጊዜ ተደግፎ ቆየ፤ በኋላ ለመስጊዱ ሰጡት። ዘንድሮ ሰማያዊው በረንዳ ወደቀ።

እኔን የሚበላኝ ይህ ነው። ያን ፎቶ ባነሳሁበት ቀን ያ ቤት የተተወ አልነበረም። ጣሪያው የተገዛለት፣ ሰው የሚመጣበት፣ ለቅሶው ሳይቀር ቀጠሮ የተያዘለት ቤት ነበር። የተተወው ከእኔ በኋላ ነው። ዛሬ ማንም ገብቶ ቢያነሳው ልክ ነው፤ ፎቶው ማንንም አይዋሽም።

ወደ ገበያ ስወርድ በጋሽ ይማም ሱቅ ማለፍ ግድ ነው። ከስፌት መኪናቸው ቀና ይሉና «መምህር፣ ደህና ነህ?» ይሉኛል። «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ክርስቲያን ነኝ፤ በእኛ አገር ግን ይህን ማለት የሁላችንም ነው። ደግሞም ደህና ነኝ ብሎ ከመዋሸት ይሻላል።