ያለ ሳል የተንኳኳው በር

ትናንት ሌሊት ሰፈራችን ተገልብጦ በሕልሜ አየሁት። ጊዜው ረፋድ ነው። ፀሐይዋ ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ ታበራለች፤ የሁላችንም ጥላ ሰማዩ ላይ ተዘርግቷል። የባሌ የአሰግድም ጥላ እዚያ ነበር። አረማመዱን አላጣውም፤ ቀኝ እግሩን ትንሽ ሳብ ያደርጋል። ሰውዬው ግን የለም። አሰግድ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ስልኩን ሊነጥቁት ድልድዩ ላይ በጩቤ ወግተውት ነው። አንጋጥጬ ጥላውን ተከተልኩት፤ ጥላው ካለ ሰውዬውም አይጠፋም ብዬ።

አጥሮቹ ደክሟቸው ቁጭ ብለዋል። በግንቦቹ ጫፍ የተሰካው የጠርሙስ ስባሪ ወርዶ፣ ተገጣጥሞ፣ መልሶ ጠርሙስ ሆኗል፤ ወተት ተሞልቶ በየደጁ ተደርድሯል። እሾሃማው ሽቦ አብቦ ንብ ይዞርበታል። በሮች ከማጠፊያቸው ወልቀው መንገድ ለመንገድ ይሄዳሉ፤ ሰው ሲያገኙ ደረቱን ያንኳኳሉ።

«ማነው?» አለ አንድ ሰውዬ።

«እኔ ነኝ፣ በርህ።»

«ግባ፣ ቤትህ ነው።»

በሩ ደረቱ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ቀለል ብሎት መንገዱን ቀጠለ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ድረስ ሌቦች ተሰልፈው ነበር። እንዲህ ያለ ሰልፍ በዕድሜዬ አላየሁም፤ አይጋፉም፣ ተራ አይቀድሙም። የመኪና ስፖኪዮ እንደ ሕፃን ያቀፈ አለ። የውሃ ቆጣሪ በነጠላ የጠቀለለ አለ። የቱቦ ክዳን በራሱ የተሸከመ አንድ ግዙፍ ሰው ላቡ ወደ ላይ እየተንጠባጠበ ይጠብቃል። የጎረቤቴ የእትዬ ዘርፌ ውሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ መታወቂያ ይመረምራል።

«ያንተ ጊዜው አልፎበታል፣» አለው ግዙፉን።

«ጌታዬ፣ ስሰርቅ አላለፈበትም ነበር፣» አለ ሰውዬው።

የሰፈራችን የጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ወንድይፍራው ከመብራት ምሰሶ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው ይጮኻሉ። «ምልክቱን ያልተናገረ ንብረቱን አይረከብም!»

እትዬ ዘርፌ ፊት አንድ ወጣት ተንበረከከ። ከአምስት ዓመት በፊት ከእሳት ላይ የተወሰደባትን ብረት ድስት ይዟል።

«እትዬ፣ ወጡ እስካሁን ትኩስ ነው።»

«ምልክቱ ጨው ያንሰዋል፣» አለች። በጣቷ ቀመሰች። «አዎ፣ የእኔ ነው። ያን ቀንም አንሶት ነበር።»

ሕዝቡ በሙሉ አጨበጨበ። ሌቦቹም ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው አጨበጨቡ።

የአሰግድ ጥላ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ሮጥኩ። መጨረሻ ላይ የቆመው ልጅ እግር ሰው ባዶ እጁን ነው። ፊቱን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ግን ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ።

«አንተስ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ባልዎን፣» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «አልከበደኝም። መንገዱ ነው የረዘመብኝ።»

ዞር ሲል አሰግድ ከኋላው ቆሟል። በዚያች በቡናማ ጃኬቱ። ሁለተኛዋ ቁልፍ እንደ ወለቀች ናት፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ያልሰፋሁለት። የያዘኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፤ እንደዚያ ትልቅ ነገር ፊቴ ቆሞ አያውቅም።

«ምልክቱን!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

ምልክቱን ነው የጠየቁኝ። ከሰው ሁሉ እኔን።

አምና በሰፈሩ ስርቆት ሲበዛ ኮሚቴው ሰብስቦን ነበር። ከመሸ በኋላ የየቤቱን ምልክት ሳይሰጥ ለሚያንኳኳ ማንም በሩን እንዳይከፍት ተስማማን። ሌባ በዘመድ ስም ይጣራል ተባለ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት መረጠ፤ አንዱ ፉጨት፣ ሌላው መዝሙር። አሰግድ ግን ሳቀና «እኔ ሁለቴ አንኳኩቼ አንዴ እስላለሁ፣ ሲጋራው ለዚህ እንኳ ይጥቀመን፣» አለ። አሰግድ በተወጋበት ምሽት በሩ ሁለቴ ተንኳኳ። ሳል የለም። ዘነዘናውን ይዤ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። «ማነው?» አልኩ። መልስ የለም። እንደገና ሁለቴ ተንኳኳ፣ ከበፊቱ ዝግ ብሎ። አልከፈትኩም። ጩቤው ሳንባው ላይ ነበር ያረፈው፤ ከየት አምጥቶ ይሳል? ይህን የነገረኝ ሐኪሙ ነው።

«ሁለቴ ያንኳኳል፣ አንዴ ይስላል፣» አልኩ በሕልሜ።

«ይሳልና እንስማ፣» አለ ውሻው።

ንቦቹ አየር ላይ ቆሙ። ሰማዩ ላይ ያለው ጥላ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። አሰግድ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ደረቱን ነካ፣ እኔን አየኝ፣ እንደ ይቅርታም እንደ ፈገግታም አደረገው። ከዚያ ቀረብ ብሎ እነዚያ በሮች ሲያደርጉ እንዳየኋቸው ደረቴን ሁለቴ አንኳኳ።

«ምልክቱ አልተሟላም!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ይሟላል አይሟላም እኔ ነኝ የማውቀው!» ብዬ ጮኽኩ። እጄን ደረቴ ላይ ሳደርግ መቀርቀሪያ አገኘሁ፤ ቀዝቃዛ፣ የራሳችን በር መቀርቀሪያ። ሳብኩት። እንቢ አለኝ። አሰግድ ያንኳኳል፤ እኔ እስባለሁ፤ እሱ ያንኳኳል፤

ነቃሁ። ነግቷል። በሩ እየተንኳኳ ነው። ሁለቴ። ሳል የለም።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ማነው ሳልል መቀርቀሪያውን ስቤ በሩን ወለል አደረግሁት።

ጋሽ ወንድይፍራው መዶሻ ይዘው፣ ምስማር በጥርሳቸው ነክሰው ቆመዋል። ምስማሩን ከአፋቸው አወጡ።

«ምን ሆነሽ ነው ባዩሽ፣ ማነው ሳትዪ የምትከፍቺው? ሕጋችንን ረሳሽው?»

በሩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ በአንድ ምስማር ተንጠልጥሏል። «ይህ ሰፈር ከወንጀል የጸዳ ነው» ይላል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«እኔ በር ላይ?» አልኩ።

«ከመንገድ ጎልቶ የሚታየው ያንቺ በር ነው። ዘንድሮ ከከተማው አንደኛ ወጥተናል እኮ! አንድም ወንጀል አልተመዘገበብንም።»

«አሰግድስ?»

መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።

«እሱማ የተወጋው ድልድዩ ላይ ነው፣ የኔ ልጅ። ድልድዩ ለወዲያኛው ሰፈር ነው የሚቆጠረው።»

ያዘመመውን ቆርቆሮ በእጃቸው አቃኑት።

«በይ እስቲ ዝጊውና ከውስጥ ደግፊልኝ፣» አሉ። «እንደተከፈተ ምስማሩ አይገባም።»

ዘግቼ ቀረቀርኩት። ከጀርባው ቆሜ በሁለት መዳፌ ደገፍኩት። አንዴ መቱ፣ ደገሙ። ከዚያ የቀለሙ ሽታ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ አንዴ ሳሉ።

መቀርቀሪያውን ሳብኩት።